ሴፓል፦ የጅማን የቡና ደን ከሰማይ ማንበብ

ከአጋሮ ወደ ጌራ ሲኬድ የሚታየው ደን በብዙ ቦታ ቡና ያቀፈ ነው፤ ከላይ ዋንዛውና ብሳናው፣ ከሥር ቡናው። ይህን ደን በትክክል በካርታ ማስፈር ዛሬ የገበያ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተገኘ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የጅማ አነስተኛ ገበሬ ማሳ እዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ ያች አንድ ነጥብ የተሳሳተ ካርታ ላይ ካረፈች የዓመት ልፋቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ሴፓል ለዚህ ሥራ የሚሆን የክላውድ ሥርዓት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኖርዌይ ድጋፍ ሠራው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የሳተላይት ምስሎቹ ሩቅ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ተቀምጠው እዚያው ይሰላሉ፤ ወደ ተጠቃሚው የሚመጣው ውጤቱ ነው። ኢንተርኔቱ ለደከመበት፣ ላፕቶፑ ላረጀበት ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለመጀመር በብራውዘር ገብቶ መመዝገብና የጉግል ኧርዝ ኢንጅን አካውንት ማገናኘት ነው። የስሌትና የማከማቻ ኮታው የተወሰነ ስለሆነ በትንሹ ማሽን ይጀምሩ፤ ሲጨርሱም ይዝጉት። የመጀመሪያ ሥራዎ የአንድ ወረዳ የምስል ሞዛይክ ይሁን። ወረዳውን ይከልሉ፣ ዓመቱን ይምረጡ፣ ምስሉን ከላንድሳት ወይም ከሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ይውሰዱ። የጅማ ክረምት ደመናው ብዙ ነውና የበጋውን ወራት ይምረጡ። ሥርዓቱ ደመና የሸፈነውን ቦታ ጥሎ በሌላ ቀን ጥርት ብሎ በታየው ይተካዋል።

ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማሽኑ ደን የቱ እንደሆነ በራሱ አያውቅም፤ ይህ የተፈጥሮ ደን፣ ይህ የጥላ ቡና፣ ይህ የበቆሎ ማሳ እያሉ በነጥብ በነጥብ ያስተምሩታል። ከሰማይ ሲታዩ ደግሞ በወፍራም ጥላ ሥር ያለ ቡናና ደኑ እጅግ ይመሳሰላሉ። በእኔ እምነት የጅማን በለጠ-ጌራ ደን በእግሩ ያልዞረ ባለሙያ ሮምም ሆነ ብራስልስ ተቀምጦ ሊለያቸው ይቸገራል። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በደገፈው ፕሮጀክት የተደራጁት ‹ዋቡብ› የተባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ግን ደናቸውን ያውቁታል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና ደን የምታጠኑ ወጣቶች፣ ተመዝገቡ፤ ከራሳችሁ ወረዳ ጀምሩ፤ ነጥቡንም ከእነዚህ ማኅበራት ገበሬዎች ጋር ሆናችሁ ልቀሙ።