ወደ ቬትናሞች ሳንድዊች ቤት ለሚገባ ሐበሻ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ የቬትናም ምግብ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለው «ፈ» የሚባለው የሩዝ ኑድል ሾርባ ነው። ጉንፋን የያዘውም፣ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረውም ይበላዋል። ሳንድዊቻቸውንና ቡናቸውን ግን ብዙዎቻችን ገና አልደፈርናቸውም። ሳንድዊቹን «አሳማ አለበት» ብለን እናልፈዋለን። ቡናውንማ የቡና አገር ሰው ምን ቸግሮት ከሌላ ቤት ይጠጣል?

ሰሞኑን ፎልስ ቸርች አጠገብ ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚሸጥ አንድ አዲስ ቤት ተከፍቷል። ሒሳብ የሚቀበሉትና ቡናውን የሚያዘጋጁት እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ዳቦውን የሚሞሉት ግን እናታቸው ናቸው። ጠባብ ቤት ነው፤ የሚበዛው ደንበኛም ገዝቶ የሚሄድ ነው። ቤቱን ለማወቅ ከዳቦው መጀመር ይሻላል።

ሳንድዊቹ ባን ሚ ይባላል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1859 ሳይጎንን ሲይዙ የዳቦ አመላቸውንም ይዘው ገቡ። ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት በዚያ አገር ስንዴ እንደልብ ስለማይበቅል ዱቄቱ በመርከብ ይመጣ ነበር። ዳቦ የገዢዎችና የባለጸጎች ምግብ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። አበላሉም እንደ ፈረንሳዮቹ ነበር፦ ዳቦው ለብቻው፣ ቅቤው፣ ሥጋውና ከጉበት የሚሠራው ፓቴ በሳህን ተደርድሮ በቢላና በሹካ።

ነገሩ የተለወጠው ከ1954 በኋላ ነው። የጄኔቫው ስምምነት አገሪቱን ለሁለት ሲከፍላት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከሃኖይ ከመጡት መካከል ሌ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1958 ሳይጎን ውስጥ ሆዋ ማ የሚባል ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ እንደ ደንቡ በሳህን ያቀርቡ ነበር። ነገር ግን ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሠራተኛና ተማሪ ቁጭ ብሎ በቢላና በሹካ የሚበላበት ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ዳቦውን አሳጥረው፣ በሳህኑ ላይ የነበረውን ሁሉ ውስጡ ከተው በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡት ጀመር። የዛሬው ባን ሚ ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ ሆኖ የሚጠራው ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም ክፍት ነው። እኛ ከጣሊያን የወሰድነውን ፉርኖና ማኪያቶ ዛሬ ማንም የባዕድ እንደማይለው፣ ባን ሚንም የፈረንሳይ ነው የሚል ቬትናማዊ አታገኙም።

ዳቦው ራሱ ከፈረንሳዩ ባጌት ይለያል። ያኛው ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጥርስንም ይፈትናል። ይሄኛው አጭርና ቀላል ነው፤ ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ሲነከስ ይሰባበራል፣ ውስጡ ደግሞ አየር የበዛበት ነው። ብዙ ሰው ምስጢሩ የሩዝ ዱቄት ነው ይላል። አንዳንድ ጋጋሪ ጥቂት ይጨምራል፤ ነገር ግን ያለ አንዳች የሩዝ ዱቄት፣ በስንዴ ብቻ የሚጋግሩት ብዙ ናቸው። ዋናው ነገር በደንብ የታሸና እርሾ የበዛበት ሊጥ፣ እንደ ቫይታሚን ሲ ያለ የሊጥ ማጎልበቻ፣ እንዲሁም ሲጋገር ምድጃው ውስጥ የሚለቀቅ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ሊጡ እስኪነፋ ጊዜ ያገኛል። የዚህ ዳቦ ጉዳቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ጠዋት የተጋገረው ማታ ላይ ሌላ ዳቦ ይሆናል፤ ጥሩ ቤት በቀን ደጋግሞ የሚጋግረውም ለዚህ ነው።

አሞላሉን ቆሜ አየሁ። እናትየው ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ዳቦ በጎኑ ሰንጥቀው፣ ጀርባው ሳይበጠስ ይከፍቱታል። ከልቡ ትንሽ መዝዘው ያወጣሉ፤ ለሚገባው ነገር ቦታ እንዲለቅ ነው። በአንዱ ገጽ በእንቁላል አስኳልና በዘይት የተመታ ቢጫ ማዮኔዝ፣ በሌላው ፓቴ ይቀባሉ። ሥጋው ይደረደራል። በላዩ ላይ በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተዘፈዘፈ ካሮትና ዳይኮን የሚባል ነጭ ሥራሥር ይመጣል፤ ዳቦውን እንዳያርሰው አስቀድመው በመዳፋቸው ጭምቅ ያደርጉታል። ከዚያ በቁመቱ የተቆረጠ ኪያር፣ ከነዘንጉ የድንብላል ቅጠል፣ በስሱ የተከተፈ ቃሪያ። መጨረሻ ላይ ከጠርሙስ የማጊ ጠብታ። ማጊ ሲባል እኛ የምናስበው ኩቡን ነው፤ እነሱ የሚወዱት የአኩሪ አተር ሶስ የሚመስለውን ፈሳሹን ነው። በነጭ ወረቀት ጠቅልለው ላስቲክ ያስሩበታል። ይህን ሁሉ ሲሠሩ አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩም።

ጣዕሙን በአንድ ቃል መናገር ይከብዳል። ቅባቱን ኮምጣጣው ይቆርጠዋል፣ ኮምጣጣውን ድንብላሉ ያለዝበዋል፣ ቃሪያው ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ለእኛ ምላስ ቃሪያው ሁልጊዜ ትንሽ ያንሳል፤ «ጨምሩልኝ» ብትሉ አይከፉም። ልብስ ላይ ግን መጠንቀቅ ነው፤ ቅርፊቱ ያልረገፈበት ባን ሚ ተበልቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አሳማው ጉዳይ። «ልዩ» ተብሎ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚጻፈው ባን ሚ አዎ፣ የአሳማ ነው፤ ተወቅጦ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ቻ ሉዋ ዋናው ነው። ይህን የማይበላ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም። በጠጅ ሣር የተቀመመ የተጠበሰ ዶሮ አለ፣ የበሬ ጥብስ አለ፣ ሰርዲን አለ፣ እንቁላል ጥብስም አለ። ልብ በሉ፦ ዶሮ ብታዙም ፓቴው ብዙውን ጊዜ የአሳማ ጉበት ስለሆነ «ያለ ፓቴ» ብላችሁ መናገር አለባችሁ። ሙስሊም ወገኖች ሥጋው ሐላል መሆኑን መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ ካልሆነም ሰርዲኑ አለ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉም አለ።

ለጿሚ ደግሞ የሚያስደስት ነገር አለ። ቬትናሞችም የሚጾሙበት ቀን አላቸው። ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አይበሉም፤ መነኮሳቱማ ዘወትር አይበሉም። ሥጋና ዓሣ የሌለበትን ምግብ «ቻይ» ይሉታል። ዝርዝሩ ላይ ቻይ የሚል ካያችሁ በቶፉ ወይም በእንጉዳይ የተሠራ ነው። ማዮኔዙ እንቁላል ስላለበት እሱን አስቀርታችሁ ማዘዝ ነው። በዐቢይ ጾም ሻይና የእንጀራ ፍርፍር ለሰለቸው ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ቡናው ስንመጣ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ በሁለት መንገድ። አንደኛ አፈላሉ ቀስ ይላል። ፊን የሚባለው ዕቃ ስኒ አፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የብረት ማጥለያ ነው፤ ቀዳዳ ያለው መቀመጫ፣ ዱቄቱ የሚገባበት ቆርቆሮ፣ ዱቄቱን ከላይ የሚጫን ክብ ማጥለያና ክዳን አለው። መጀመሪያ ጥቂት ፍል ውኃ ጠብ ተደርጎ ዱቄቱ እስኪያብጥ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይሞላና ይከደናል። ጠብታው አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲያበቃ ክዳኑ ይገለበጥና ለፊኑ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ጠረጴዛው አይበላሽም። ከብርጭቆው ሥር ጣፋጭ የጣሳ ወተት ተኝቷል። ፈረንሳዮች በነበሩበት ዘመን በዚያ ሙቀት ትኩስ ወተት ማግኘትም ማቆየትም አስቸጋሪ ስለነበር የገባው ይህ ወተት ነው፣ በዚያው ቀረ። ይማሰልና በረዶ ላይ ይገለበጣል። ስሙ ካፌ ሱዋ ዳ ነው።

ሁለተኛው ትዕግሥት የምላስ ነው። አብረውኝ የገቡ አንድ ጋሼ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና «ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ ካራሜላ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ በረዶው ትንሽ ይሟሟና ደግመው ይቅመሱት» አልኳቸው። ብርጭቆውን ጨረሱት። ማታ አራት ሰዓት ላይ ደውለው «ያንተ ካራሜላ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው ወቀሱኝ።

ጥፋቱ የሮቡስታ ነው። የእኛ ቡና አረቢካ ነው፤ የቬትናም ቡና ግን አብዛኛው ሮቡስታ ነው። ሮቡስታ በቆላ ይበቅላል፣ በሽታን ይቋቋማል፣ ምርቱም ብዙ ነው። ካፌኑ የአረቢካን እጥፍ ያህል ነው፤ መራራነቱ ይበዛል፣ መዓዛው ግን ያንሳል። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ አጥቁረው ይቆሉታል፤ ሲቆላም ቅቤና ስኳር የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው። የዚህን ቡና ምሬት የጣሳው ወተት ብቻ ይመክተዋል፤ ወተቱን ያለ ምሬቱ ብትጠጡት ደግሞ ያቅራል። ይርጋ ጨፌን ወይም ሐረርን በዚህ ወተት መቀላቀል ግን በእኔ አስተያየት ማባከን ነው፤ ያ ሁሉ መዓዛ ስኳር ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ካፌ ሱዋ ዳን በአቦል ሚዛን አትመዝኑት።

ከዚህም የሚገርሙ አሏቸው። በ1946 ሃኖይ ውስጥ ወተት ሲጠፋ የእንቁላል አስኳል በስኳር ተመትቶ ቡና ላይ መደፋት ጀመረ፤ ይህ የእንቁላል ቡና አሁንም ይጠጣል። የሁዌ ከተማ ደግሞ ጨው ባለው ክሬም የሚጠጣ ቡና አላት። ሌላው ዓለም በጨውና በቡና ጋብቻ ይገረም፤ ገጠራችን ቡና በጨው፣ በአንዳንድ አካባቢም በቅቤ ሲጠጣ የኖረ ሰው አይደነቅም።

ስለ ቬትናም ቡና ሲወራ ለእኛ መራራ የሆነ ታሪክም አለ። አገሪቱ ጦርነቱ በ1975 ሲያበቃ የምታመርተው ቡና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1986 የኢኮኖሚ ፖሊሲዋን ከለወጠች በኋላ በቡኦን ማ ቱኦት ከተማ ዙሪያ ያለው አምባማ አገር በቡና ተሸፈነ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መዝጊያ ላይ ኮሎምቢያን ቀድማ ከብራዚል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነች። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ በ1989 ፈርሶ ነበር፤ የብራዚልም ምርት ጨምሮ ነበር። ሁሉም ተደማምሮ ገበያው በቡና ተጥለቀለቀ፤ በ2001 አንድ ፓውንድ አረቢካ ኒውዮርክ ላይ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ የዚያ ዘመን ተጎጂ ነው። በ2006 የወጣውና የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጁን ታደሰ መስቀላን የተከተለው «ብላክ ጎልድ» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም የሚያሳየው የዚያን ጊዜ ገበሬዎች ነው። የቬትናሙም ገበሬ በዚያው ዋጋ ከስሯል፤ ቂም የሚያዝበት ሰው አይደለም።

ደግሞም ብድር አለብን። ሳይጎን ሚያዝያ 1975 ስትወድቅ ከመቶ ሺህ በላይ ቬትናማውያን አሜሪካ ገቡ፤ ከዚያም በጀልባ የሸሹት ተከተሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞችን ሕግ ያወጣው በዋናነት በእነሱ ምክንያት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት መጋቢት 1980 ነው። በደርግ ዘመን ሱዳን ተሰደው የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ የተሻገሩት በዚሁ ሕግ በተከፈተው በር ነው።

የሰፈር ታሪካችንም ይመሳሰላል። ቬትናሞች መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን፣ ክላረንደን ላይ ነበር፤ የሜትሮ ቁፋሮ መንገዱን ስለዘጋው ኪራዩ ርካሽ ነበር። ባቡሩ በ1979 ሥራ ሲጀምር ኪራዩ ናረና ለቀቁ። በ1984 ሰቨን ኮርነርስ ላይ ኤደን ሴንተር የሚባለውን የገበያ ማዕከል መሠረቱ፤ ስሙም የሳይጎኑን ኤደን የገበያ ሕንጻ የሚያስታውስ ነው። የሰዓት ማማው የሳይጎኑን ቤን ታን ገበያ ይመስላል። ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን የሚውለበለበው፣ ሦስት ቀይ መስመር ያለው ቢጫ ባንዲራ የፈረሰችው የደቡብ ቬትናም ነው። ስለ ባንዲራ መነታረክ ለእኛ አዲስ ስላልሆነ ነገሩን ሳይነገረን እንረዳዋለን። ከአዳምስ ሞርጋንና ከዩ ስትሪት በኪራይ ተገፍቶ ወደ ቨርጂኒያና ወደ ሜሪላንድ የወጣው የሐበሻ ነጋዴም ይህን መንገድ ያውቀዋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሳንድዊቹ በዋጋውም በጣዕሙም በአካባቢው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ሳንድዊቾች ይበልጣል፤ ቡናው ግን ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ጣፋጭ እንጂ የጀበና ምትክ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ፣ ሥጋ ከበላችሁ በጠጅ ሣር የተቀመመውን ዶሮ ያለ ፓቴ፣ ከጾማችሁ የቶፉውን ያለ ማዮኔዝ እዘዙ። ቡናውን ጿሚ ከሆናችሁ ያለ ወተት ጥቁሩን ጠይቁ፤ ሲቆላ ቅቤ እንዳልገባበትም አረጋግጡ። ከቀትር በፊት ሂዱ፤ ዳቦው ያኔ ትኩስ ነው፣ ካፌኑም እስከ ማታ ይበርድላችኋል። ከቆዩት የቬትናሞች ቤቶች ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ስላሉ ኪሳችሁን አይታችሁ ውጡ።