ፍሬን በድንገት እምቢ አይልም

ተሽከርካሪ ያለው ሰው መኪናውን በየዓመቱ ለቴክኒክ ምርመራ የማቅረብ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሕግ ዘንድ መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምርመራውን ግዴታ ያደረገ ሲሆን፣ ቦሎ የሚባለውና በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ዓመታዊ ምልክትም ከዚሁ ምርመራ ጋር የተያያዘ ነው። ሕጉ የመለሰውን ጥያቄ ግን ብዙው ባለንብረት ገና አልተቀበለውም። በመቀሌ ጋራዦችና ጎሚስታ ቤቶች ዘወትር ከሚደመጡት ቅሬታዎች መካከል ምርመራው ወረፋና ወጪ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ የለውም የሚለው አንዱ ነው፤ አደጋ የሚያደርሰው ሾፌሩ እንጂ መኪናው አይደለም የሚለው ሌላው ነው። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ቢሆኑም፣ ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደውና ሕይወት የሚያስከፍለው ሦስተኛው እምነት ነው፦ ፍሬን በድንገት እምቢ የሚል ነገር ስለሆነ ከወራት በፊት የተደረገ ምርመራ አያስቀረውም የሚለው። ይህ እምነት ከሾፌሩ፣ ከባለንብረቱ፣ አንዳንዴም አደጋውን ከሚያወራው ሰው ሁሉ አፍ ስለማይጠፋ ማንም ሊጠይቀው የማይነሳ እውነት መስሏል፤ በሙያው ሚዛን ሲታይ ግን ስሕተት ነው።

ፍሬን ሲረገጥ የእግር ግፊት በማስተር ሲሊንደር፣ ማለትም በዋናው የፍሬን ዘይት መግፊያ፣ ወደ ዘይት ግፊት ይለወጥና በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በየጎማው ወዳለው ትንሽ ሲሊንደር ይደርሳል፤ ይህም የፍሬን ሸራውን ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር አጣብቆ ጎማውን ይይዛል። በዚህ መስመር ላይ ካሉት ክፍሎች በአንዲት ቅጽበት የሚበላሽ እጅግ ጥቂት ነው። ሸራ የሚያልቀው በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ ከመቀደዱ በፊት ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ጠብ ጠብ ማድረግ ይጀምራል፣ ጠብታውም ሸራውን እያረጠበ የመያዝ ኃይሉን ይቀንሳል። የብረቱ ቱቦ ከመፈንዳቱ በፊት ለዓመታት ይዝጋል። ሾፌሩም ምልክቱን አያጣውም፤ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይይዛል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ አይጨብጥም፣ መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይስባል። ችግሩ እነዚህ ለውጦች ቀን በቀን የሚመጡ በመሆናቸው ሾፌሩ ሳያስበው ከመኪናው ጋር ራሱን ማስማማቱ፣ ማለትም ቀደም ብሎ መርገጥን፣ ደጋግሞ መርገጥን፣ መሪውን በተቃራኒው መያዝን መልመዱ ነው። «ድንገት» የሚባለው እንግዲህ የአንድ ረጅም ሂደት የመጨረሻ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ወራት የሚያየው ደግሞ ያልለመደ ዓይንና የሚለካ መሣሪያ ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ጉዳይ የአንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎውን ከለጠፈ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ጥገና ወደ መቀሌ ጋራዥ ሲገባ፣ ወደ አንደኛው የኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ በፒንሳ ተጣጥፎና ተቀጥቅጦ ተደፍኖ ተገኘ። ይህን ያደረገው መካኒክ የሚያፈሰውን ሲሊንደር መለወጥ ስላልቻለ ዘይቱ እንዳይፈስ መንገዱን ዘግቶታል። እንዲህ ያለው ጥገና በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም የተሻለ መስሎ መሰማቱ ነው። ዘይት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ሲዘጋ ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ዝቅ ማለቱ ይቀራል፣ ሾፌሩም ፍሬኑ ተሠራ ብሎ ያምናል፤ መኪናው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአራት ቦታ ሳይሆን በሦስት ቦታ የሚቆም መኪና ነው። በዓይን የሚመለከት፣ መብራትና ፍሬቻ የሚያስበራ፣ መኪናውን ጥቂት አስነድቶ የሚያስቆም መርማሪም በባዶ መኪናና በሜዳ ላይ ይህን ላያገኘው ይችላል።

ጉድለቱን ያለጥርጥር የሚያወጣው የሮለር ፍሬን መመርመሪያ ነው፤ ይህም የአንድ አክስል ሁለት ጎማዎች በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ሲያዙ የሚያሳዩትን ኃይል ለየብቻ የሚለካ መሣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው የፍሬን ኃይል ልዩነት ከ30 በመቶ ከበለጠ ጉድለቱ ከባድ ተብሎ መኪናው ይወድቃል። ቱቦው የተደፈነ ጎማ ሲመረመር የሚታየው ልዩነት ሙሉ በሙሉ ሊባል የሚችል በመሆኑ የመርማሪውን አስተያየት እንኳ አይፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ምርመራ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ይህን ዓይነቱን ምርመራ ሳይሆን ልኬት የሌለበትን ነው፤ ባላዩት ነገር ላይ የሰጡትን ፍርድ መልሶ መላልሶ ማረም ደግሞ አድካሚ ሥራ ሆኗል።

ጉዳዩ ለትግራይ ከሌላው አካባቢ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት መልክዓ ምድሩ ነው። ከመቀሌ ወደ ደቡብ የሚወጣ ጭነት አላጀን ተሻግሮ ማይጨውንና ኮረምን ካለፈ በኋላ በግራካሱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አላማጣ ይወርዳል፤ በኮረምና በአላማጣ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ወደ ምሥራቅ ወደ አብዓላ የሚሄደውም እንዲሁ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 98 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም 300 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጉልበት ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ተይዞና አየሩ ተጋፍቶ ያልቀነሱት ሁሉ በታምቡሮቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ታምቡሩ በሙቀት ስለሚሰፋም ፔዳሉ የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል። አራት ታምቡር ሊካፈለው የሚገባውን ሙቀት ሦስቱ ሲሸከሙት፣ በመቀሌ አስፋልት ላይ ምንም ያልጎደለው የመሰለ ፍሬን በግራካሱ መካከል ላይ ይጠፋል። ሾፌሩም፣ መንገደኛውም፣ ወሬውን የሰማው ሰውም ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ ይላሉ።

የፍሬን ዘይት ታሪክም ከዚህ አይለይም። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚጠበቅ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ዝቅተኛ ወሰን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ በቱቦ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት እንደ ዘይት ሳይሆን የሚታመቅ በመሆኑ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የዘይቱን የእርጥበት መጠን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን ዘይት ሲጎድል ይጨመራል እንጂ አይለወጥም፤ ይህን የሚያስገድድ አካል እስከሌለ ድረስም የሚለውጠው አይገኝም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረውና በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የተቋጨው ጦርነት በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሯል። ነዳጅ፣ ባንክና የንግድ መጓጓዣ በተቋረጡባቸው ወራት ብዙ መኪና በቆመበት ቆየ፤ የሚንቀሳቀሰውም መለዋወጫ ሳያገኝ ተጠጋግኖ ሠራ። ቱቦውን የደፈነው መካኒክ የዚያን ጊዜ ሰው ነበረ፤ ሲሊንደር ከየትም አይመጣም፣ መኪናው ግን እህል ማመላለስ ነበረበት። እንዲህ ባለው ቀን የተደረገውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። እረፍት የሚነሳው ያ ለቀናት የታሰበ መላ መንገድ ከተከፈተና መለዋወጫ ከገባ በኋላም ከመኪናው ጋር መኖሩና ባለንብረቱ ስለመኖሩ አለማወቁ ነው። የቆመ መኪናም ከጉዳት አያመልጥም፤ ታምቡሩ ይዝጋል፣ ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይሰነጠቃል። በጎማው ጎን ላይ የታተሙት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2316 የሚል ጎማ እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጥርሱን ጥልቀት ብቻ አይቶ ጎማውን አዲስ ነው የሚል ገዢም ሆነ መርማሪ ይህን ማንበብ ይኖርበታል።

አስገዳጅ ምርመራን የሚቃወሙ ሰዎች ሊጠቅሱት የሚችሉት ጠንካራ ማስረጃ የኖርዌይ ነው። ተመራማሪው ስታይን ፎሰር እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ጥናት 204 ሺህ መኪኖችን በዕጣ ከሦስት ከፍሎ፣ የመጀመሪያውን ቡድን ለሦስት ዓመት በየዓመቱ፣ ሁለተኛውን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ በማስመርመር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጨርሶ ባለማስመርመር የአደጋ መጠናቸውን አነጻጽሯል፤ የተመረመሩት መኪኖች ቴክኒካዊ ሁኔታ የተሻለ ሆኖ ሲገኝ በአደጋ መጠን ግን ልዩነት አልታየም። በአሜሪካም ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የግል መኪኖችን ሜካኒካዊ ምርመራ አስቀርታለች፤ ቴክሳስም ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች። እነዚህን ማስረጃዎች መደበቅ ለሙያው አይበጅም። ሆኖም የኖርዌይ ጥናት የተካሄደው መለዋወጫ በማይጠፋበት፣ ባለንብረቱ ሳይገደድም መኪናውን በሚያስጠግንበት አገር በግል መኪኖች ላይ ነው፤ ቴክሳስም ቢሆን የንግድ ተሽከርካሪዎችን ምርመራ አላስቀረችም። ጥናቱ የሚያሳየው ጤናማ መኪናን ደጋግሞ መመርመር ብዙም እንደማይጨምር እንጂ፣ በሦስት ጎማ የሚቆም የጭነት መኪናን አለመመርመር ጉዳት እንደሌለው አይደለም።

አደጋ የሚያደርሰው ሾፌር ነው የሚለው ቅሬታም በፖሊስ ሪፖርት ይደገፋል፤ በአብዛኞቹ ሪፖርቶች የሾፌር ስሕተት ከፍተኛውን ድርሻ ሲይዝ የቴክኒክ ጉድለት ትንሹን ይይዛል። ነገር ግን በአደጋው ቦታ የተገኘ ፖሊስ ታምቡር አይፈታም፣ የዘይት እርጥበት አይለካም፤ የሚያየው የጎማ ምልክትን፣ የመኪናውን አቀማመጥና የምስክርን ቃል ነው። ርቀቱን ጠብቆ ያልነዳ ተብሎ የተመዘገበው ሾፌር ፍሬኑ ደህና ቢሆን ኖሮ በጊዜ ይቆም እንደነበረ ከዚያ ሪፖርት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የቴክኒክ ጉድለት ድርሻ ትንሽ ሆኖ መታየቱ በከፊል ያልተፈለገ ነገር ባለመገኘቱ የመጣ ነው፤ ይህን አሃዝ የምርመራን ከንቱነት ለማስረዳት ማቅረብም ክርክሩን በክብ መንገድ ያዞረዋል።

ግዴታው መኖር አለበት ማለት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ማለት አይደለም። ብሪታኒያ አስገዳጅ ምርመራን እ.ኤ.አ. በ1960 ስትጀምር አሥር ዓመት ከሞላቸው መኪኖች ነበር የተነሳችው፤ በ1967 ወደ ሦስት ዓመት አወረደችው። የአውሮፓ ኅብረት ዝቅተኛ መስፈርትም የግል መኪናን ከአራት ዓመቱ በኋላ በየሁለት ዓመቱ፣ ታክሲን፣ አውቶቡስንና ከባድ የጭነት መኪናን ግን በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዛል። በዚህ መንገድ ሲታሰብ ከመቀሌ ወደ አላማጣ ወይም ወደ አብዓላ ለሚመላለስ የጭነት መኪና፣ ከኩሓ ቁልቁል ወደ ከተማው ሰው ለሚያመላልስ ሚኒባስና ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ባጃጅ በዓመት አንዴ እንኳ ያንሳል፤ በአንጻሩ ጥቂት የሚነዳ አዲስ የቤት መኪና በየዓመቱ መሰለፍ ላይኖርበት ይችላል፣ የእሱ ወረፋ ሲቀንስም ለከባዱ መኪና የሚሰጠው ሰዓት ይጨምራል። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አስሮ፣ ካለፈ በኋላ የማውለቅ ልማድ የሚገታውም ዓመት ጠብቆ በሚደረግ ምርመራ ሳይሆን ቀኑ በማይታወቅ የመንገድ ላይ ፍተሻ ነው።

መኪኖቹ እየታደሱ የሚሄዱ አለመሆናቸውም መታሰብ አለበት። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ከፍተኛ ታክስ፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔ ያለውን መኪና ዋጋ ስላስወደዱት፣ ባለንብረቱ ያለውን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ መንዳቱ የማይቀር ነው። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከፍሬን ምርመራ ነፃ የሚወጡ አይደሉም፤ ፍጥነታቸውን በአብዛኛው በሞተራቸው ስለሚቀንሱ ሜካኒካዊው ፍሬን ሳይነካ ሊዝግ ይችላል፣ ባለንብረቱም የዛገውን ፍሬን ከመኪናው አነዳድ ሊያውቀው አይችልም። ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚያስፈልገው መለኪያ አንድ ነው፦ የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ኃይል በቁጥር ተለክቶ፣ ግራና ቀኙ ተነጻጽሮ፣ ውጤቱም ካለፈው ዓመት ልኬት ጋር ጎን ለጎን ታትሞ ከቦሎው ጋር ለባለንብረቱ ሊሰጠው ይገባል፤ አምና የያዘው ጎማ ዘንድሮ ግማሹን ብቻ መያዙን በዓይኑ ያየ ባለንብረት ፍሬን ድንገት እምቢ አለ ለማለት ምክንያት አይኖረውም።