የአንዲት ትንሽ ከተማ ምርጫ

የክፍል አለቃ ሲመረጥ ያላየ ተማሪ አይገኝም። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ይጠቆማሉ፤ የቀሩት እጃቸውን ያወጣሉ፤ ብዙ እጅ የወጣለት ተማሪ አለቃ ይሆናል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የከተማ ምርጫ ግን ከዚህ ይሰፋል። ከተማ ንጹሕ ውሃ፣ መንገድ፣ ገበያ፣ የእሳት አደጋ መከላከያና የቆሻሻ ማስወገጃ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ለማሟላት ገንዘብ ያሻል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከነዋሪው ነው። ስለዚህ የከተማ ሕዝብ በምርጫ ቀን ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንደኛው «ሥራውን ማን ይምራ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ወጪውን ማን ይፍቀድ? መሪውንስ ማን ይቆጣጠር?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከንቲባ፣ ለሁለተኛው የከተማ ምክር ቤት ነው።

ሁለቱን የመምረጡ ሥርዓት እንደየአገሩ ይለያያል። በአገራችን፣ በአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር መሠረት ነዋሪው የሚመርጠው የምክር ቤቱን አባላት ነው፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በዚህ ሥርዓት ከንቲባው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከምክር ቤቱ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል የከረረ ልዩነት በቀላሉ አይፈጠርም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን መራጩ ከንቲባውንም ሆነ የምክር ቤት አባላቱን በየራሳቸውና በቀጥታ ይመርጣል። በዚህም ምክንያት ከንቲባው ከአንድ ወገን፣ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት ደግሞ ከሌላ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ምን ይሆናል? መልሱን በርሊንግተን ከተባለች ትንሽ ከተማ ታሪክ እንመለከታለን። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርሊንግተን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ በሻምፕሌን ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1980 የሕዝቧ ብዛት 38,000 ያህል ነበር። ከ1971 ጀምሮ ከተማዋን በከንቲባነት ያስተዳደሩት የዴሞክራቲክ ፓርቲ አባል የሆኑት ጎርደን ፓኬት ነበሩ። በ1981 ለስድስተኛ ጊዜ ለመመረጥ ሲቀርቡ የሪፐብሊካን ፓርቲ ተፎካካሪ ዕጩ እንኳ አላቀረበም። ከግል ተወዳዳሪዎቹ አንዱ በርኒ ሳንደርስ ነበሩ። እኒህ ሰው ቀደም ሲል በግዛቲቱ ምርጫዎች አራት ጊዜ ተወዳድረው አራቱንም ጊዜ ስለ ተሸነፉ፣ በዚህኛው ያሸንፋሉ ብሎ የገመተ ሰው ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ ክርክሩ የተነሣበት ጉዳይ የእያንዳንዱን ነዋሪ ጓዳ የሚነካ ነበር። ፓኬት የቦታና የቤት ግብር እንዲጨመር ይፈልጉ ነበር፤ ሳንደርስ ጭማሪውን ተቃወሙ። በሐይቁ ዳርቻ ውድ መኖሪያ ሕንፃዎች ለመሥራት የታሰበውንም ዕቅድ ነቅፈው፣ ዳርቻው ለሕዝብ ክፍት ይሁን አሉ። ይህንንም ሐሳባቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ አስረዱ።

የካቲት 24 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1981፣ ድምፅ ተሰጠ። ቆጠራው ሲያልቅ ሳንደርስ በጥቂት ድምፅ መብለጣቸው ታወቀ። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ድጋሚ ቆጠራ ተደረገ፤ በመጨረሻም ሳንደርስ በ10 ድምፅ ብልጫ ማሸነፋቸው ተረጋገጠ። አሥር ድምፅ የአንድ ወይም የሁለት ቤተሰብ ድምፅ ነው። ሳንደርስን ከመረጡት መካከል ስድስት ሰዎች ብቻ ፓኬትን መርጠው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በተገለበጠ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» ብሎ ከቤቱ የቀረ ሰው ምን ያህል እንደ ተሳሳተ መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን ወንበሩን ማግኘት ሥልጣኑን ሁሉ ማግኘት አልነበረም። የከተማዋ ምክር ቤት 13 አባላት ነበሩት፤ ከእነዚህም ውስጥ አዲሱን ከንቲባ የሚደግፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። በከተማዋ ሕግ የዋና ዋና የሥራ ክፍል ኀላፊዎችን የሚያቀርበው ከንቲባው ሲሆን ሹመቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ሳንደርስ የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲሆኑ ያቀረቧቸውን ሰዎች ምክር ቤቱ አልቀበልም አለ። ከንቲባውም የመጀመሪያውን ዓመት በአብዛኛው ከቀድሞው ከንቲባ ሹማምንት ጋር ለመሥራት ተገደዱ። እጅ ቢኖር ጣት ከሌለ መጨበጥ አይቻልም፤ የከንቲባውም ነገር እንዲሁ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ለአንደኛው ወገን ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ማየት ይገባል። ከንቲባው «ሕዝብ የመረጠኝ እንድሠራ ነው፤ ረዳቶቼን ከከለከላችሁኝ የሕዝቡን ምርጫ ከንቱ አደረጋችሁት» ለማለት ይችላሉ። የምክር ቤቱ አባላትም «እኛንም የመረጠን ያው ሕዝብ ነው፤ ኀላፊነታችን ማጽደቅ ብቻ ሳይሆን መመርመርም ነው» ለማለት ይችላሉ። ሁለቱም ሥልጣናቸውን ያገኙት ከአንድ ምንጭ ነው። ታዲያ ሁለቱ ባይስማሙ ዳኛው ማን ነው? ዳኛው ራሱ መራጩ ነው።

ዳኝነቱም ብዙ አልዘገየም። የምክር ቤት አባላት የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ከፊሎቹ በአንዱ ዓመት፣ ከፊሎቹ በሚቀጥለው ይመረጡ ነበር። በመሆኑም በ1982 ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጠ፤ የከንቲባው ደጋፊዎችም ከሁለት ወደ አምስት ከፍ አሉ። አምስት ከአሥራ ሦስት አብላጫ አይደለም። ይሁን እንጂ ከንቲባው የምክር ቤቱን ውሳኔ ለማገድ ይችላል፤ ምክር ቤቱ እገዳውን ለማንሣት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከ13 አባላት ይህ ድምፅ 9 መሆኑ ነው። ተቃዋሚዎቹ 11 በነበሩ ጊዜ የከንቲባው እገዳ ዋጋ አልነበረውም፤ ወደ 8 በወረዱ ጊዜ ግን እገዳውን ለማንሣት አንድ ድምፅ ጎደላቸው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ግድ ሆነባቸው።

ሳንደርስ በ1983፣ በ1985ና በ1987 እንደገና ተመርጠው እስከ 1989 ድረስ ከንቲባ ሆነው ቆዩ። በ1984 ከተማው 200,000 ዶላር መድቦ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች ቤት የሚያቀርብ ድርጅት እንዲቋቋም አደረገ። ሕዝቡ ግን ከንቲባው ያሉትን ሁሉ አልተቀበለም። በ1985 ሳንደርስ ራሳቸው የደገፉት የሐይቅ ዳርቻ ልማት ብድር ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀርቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ከንቲባውን ብቻ ተመልክቶ የምክር ቤቱን ዕጩዎች ስም ሳያነብ የሚያልፍ መራጭ የምርጫውን ግማሽ ለሌላ ሰው እንደሚተው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ከተማን የማስተዳደር ሸክም ለአንድ ከንቲባ የሚከብድ ነው፤ ተካፍለው ሲሸከሙት ግን ይቀላል። የሚሸከሙትን መርጦ፣ አሸካከማቸውን ተመልክቶ፣ ባልተስማሙም ጊዜ የሚዳኛቸው ሕዝቡ ነው።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. በአዲስ አበባና በበርሊንግተን ከንቲባ የሚመረጥበት ሥርዓት በምን ይለያያል?
2. አምስት ደጋፊዎች አብላጫ ሳይሆኑ ከንቲባውን የጠቀሙት እንዴት ነው?

ለ. «አብላጫ»፣ «ሹመት»፣ «እገዳ»፣ «ዕጩ» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

ሐ. በክፍላችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የተደረገ አንድ ምርጫ በምን ሥርዓት እንደ ተካሄደ የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።