ዝገት ተቋቋሚ ፌሮና «የሙሉ ዕድሜ ወጪ»፦ ስለ አሰያየማቸው

ከወሎ ሰፈር ተነሥቶ በኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ ወደ ጎተራ የሚሄድ ሰው የሚደርስበት ማሳለጫ ድልድይ በአርማታ የታነጸ ነው፡፡ በአርማታው ውስጥ የሚቀበረውን የብረት ዘንግ ሠራተኛው «ፌሮ» ይለዋል፡፡ ሁለቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የገቡና በሥራው የተለመዱ ስለሆኑ ሌላ ምትክ አያሻቸውም፡፡ የሚያስቸግረው ዝገትንና ወጪን የሚመለከቱትን ስያሜዎች መተርጎሙ ነው፡፡

በመጀመሪያ «አይዝጌ» የሚለውን እንመልከት፡፡ ይህ ስያሜ የሚገባው ክሮሚየም በበቂ መጠን ለተቀላቀለበት ብረት ነው፡፡ በሜክሲኮ ፕሮግሬሶ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1941 የተጠናቀቀው የመርከብ መድረክ በባሕር ጨው መካከል ለአሥርተ ዓመታት የጸናው በዚህ ዓይነቱ ፌሮ ነው፡፡ በኢፖክሲ የተለበጠ ፌሮ ግን ልባጡ ከተፋቀ ይዝጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በፍሎሪዳ የባሕር ድልድዮች የታየው ይኸው ነው፡፡ ስለዚህ የወል ስሙን «ዝገት ተቋቋሚ ፌሮ» ብለን፣ «አይዝጌ»ን ለአንዱ ዓይነት ብቻ እንጠብቀው፡፡

«ልባጥ»ና «ሽፋን»ም ሊለዩ ይገባል፡፡ «ሽፋን» ፌሮውን የሚጋርደው የኮንክሪት ውፍረት ነው፡፡ ከባሕር በራቀችው አዲስ አበባ ፌሮን በይበልጥ የሚያሰጋው የኮንክሪትን አልካላይነት የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪትና በቂ ሽፋን ጉዳቱን ያዘገዩታል፡፡ ተርጓሚ ሁለቱን ቃላት ቢያቀያይር በርካሹ ፈንታ ውዱ ይገዛል፡፡

«የሕይወት ዑደት ወጪ» የቃል በቃል ትርጉም ነው፡፡ ዑደት ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ድልድይ ግን ይሠራል፣ ይጠገናል፣ በመጨረሻም ይፈርሳል፡፡ «የዕድሜ ልክ ወጪ» ደግሞ የእሥራት ፍርድን ያስታውሳል፡፡ እኛ የምንመርጠው «የሙሉ ዕድሜ ወጪ» የሚለውን ነው፡፡ ይኸውም የግንባታ፣ የፍተሻ፣ የጥገናና የማፍረሻ ወጪዎች፣ እንዲሁም መንገድ ሲዘጋ በተጠቃሚው ላይ የሚደርሰው ኪሣራ ድምር ነው፡፡ «ዋጋ» ለመግዣው ብቻ ይቆይ፡፡

የወደፊቱን ወጪ ወደ ዛሬ ግምት የሚመልሰው መጠን በደፈናው «ቅናሽ» ከተባለ አንባቢው የነጋዴን ቅናሽ ያስባል፤ «የዘመን ቅናሽ ምጣኔ» ቢባል ይሻላል፡፡ ከ50 ዓመት በኋላ የሚወጣ 100 ብር በ5 በመቶ ምጣኔ ሲሰላ ዛሬ 8 ብር ከ72 ሳንቲም ነው፤ በ2 በመቶ ግን 37 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆናል፡፡ በመጀመሪያው ስሌት ውድ የመሰለው ፌሮ በሁለተኛው አዋጪ ሊሆን ስለሚችል፣ ምጣኔው በግልጽ ስሙ መጻፍ አለበት፡፡