ሽለላ በሳክስፎን፦ ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሸላይ አፍ ወስዶ በሳክስፎን ያሰማ ሙዚቀኛ ነው። በ1935 ይፋት ተወለደ (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ መጀመሪያ የያዘው ክራርና ማሲንቆ ነበር። በ1949 ገና ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1965 ፖሊስ ኦርኬስትራ።

  

የውጭ ሐያሲዎች ጌታቸውን ከአሜሪካውያኑ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩ ለጆሮ ያስኬዳል፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። ሸላይ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ያዥጎደጉድና ድንገት ይቆማል፤ የመጨረሻዋን ድምፅ እያንቀጠቀጠ ይስባታል። ጌታቸውም እንዲሁ ነው፤ ባንዱ አንዱን ምት ሳያዛንፍ ሲደጋግም፣ እሱ ምቱን ጥሎ እንደ ልቡ ይፎክራል፤ ቃል የለም እንጂ ዘራፉ አለ። መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ የሚወጣውም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሳክስፎን ሲባል ለስላሳው ኬኒ ጂ ትዝ ለሚለው ይህ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ሊያስደነግጥ ይችላል።

በ1970ዎቹ መባቻ በፊሊፕስ የታተመው ሸክላው በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 14ኛ ቅጽ ዳግም ወጣ። በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። በዓሉ የባንዱ ነበር፤ እንግዳው ግን ሲጫወቱ ሰምቶ፣ በሚቀጥለው አልበሙ እንዲያጅቡት ራሱ ጠየቃቸው። ሰባ ዓመት የተጠጋ አንጋፋ የፓንክ ጊታር መምረጡ ይገርማል፤ ቢሆንም ፉከራ ከጀርባው ጩኸት እንጂ ልስላሴ አይፈልግም። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። በነሐሴ 2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተጫወቱበት ምሽት፣ ጌታቸው ከዘ ኤክስ ጋር መድረኩን ያዘ። በ2012 ሁለተኛውን አልበም፣ «የአንበሳው ትዝታ»ን አብረው አሳተሙ። ሚያዝያ 4 ቀን 2016 በ81 ዓመቱ አረፈ።