ስለ ወባ እናውቃለን ያልናቸው ሦስት ነገሮች

አባቶቻችን «ንዳድ» ይሉት ነበር። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ነጋዴም ይሁን ዘማች፣ ስንቁን ቋጥሮ ሲነሣ በልቡ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ንዳድ ነበር። ምንጩ ግን ለረጅም ዘመን አልታወቀም። ጣሊያኖች ከረግረግ የሚነሣ መጥፎ አየር የሚያመጣው መስሏቸው «ማላ አሪያ» አሉት፤ «ማላሪያ» የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ሻርል ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ወታደራዊ ሐኪም በአልጄሪያ ሳለ በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥገኛ ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባ ጥገኛ በትንኝ ሆድ ግድግዳ ላይ ሲያድግ አገኘው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ስለ ወባ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተምረናል። ከተማርነው መካከል እንደ ጸና እውነት ይዘናቸው የኖርን ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወባ በዋናነት የገጠር በሽታ ነው፤ ከተሜው ብዙም አያሠጋውም። ሁለተኛ፣ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ «ደፊ» የሚባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዓይነት አይያዙም። ሦስተኛ፣ የደም ምርመራው «የለም» ካለ ወባ የለም። እነዚህ ሦስቱ ሲጻፉ በጊዜው ከነበረው ማስረጃ የተነሡ ነበሩ። የቅርብ ዓመታት ምርምር ግን ሦስቱንም አናግቷቸዋል። እንዴት እንደ ሆነ በየተራ እንመልከት።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 263 ሚሊዮን ያህል የወባ ሕመም ተከስቶ 597,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ሟቾች ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው።

በአገራችን ከጠቅላላው የቆዳ ስፋት 75 ከመቶ የሚሆነው ለወባ የተጋለጠ እንደሆነ ይነገራል፤ ይኸውም በአመዛኙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወሰን አጥር አይደለም። በ1958 የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ወባን ብዙም ወደማያውቁ ከፍተኛ ቦታዎች ጭምር ወጥቶ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ ተገምቷል። በቅርቡም ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስላለፈ ታሪክ አይደለም።

ከተማ የገባችው ትንኝ

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ይህች ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባቆረው ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድና በመስኖ ቦይ ዳር ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ትበዛለች፤ በጋው ሲጠና ደግሞ ትመናመናለች። አስፋልትና ድንጋይ የለበሰ ከተማም ብዙ አይመቻትም። «ወባ የገጠር ነው» የሚለው አባባል መሠረቱ ይኸው ነበር።

በ2012 ግን በጅቡቲ ከተማ አንዲት እንግዳ ተገኘች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ በሕንድና በአካባቢዋ በከተማ ወባ አስተላላፊነቷ ለረጅም ጊዜ የታወቀች ትንኝ ናት። በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ታየች፤ ከዚያም በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ተራ በተራ ተገኘች።

ይህች እንግዳ የምትፈልገው ኩሬና ረግረግ አይደለም። በርሜል፣ የውኃ ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ ውኃ የቋጠረ አሮጌ ጎማ ይበቃታል። የቧንቧ ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ውኃ ያላጠራቀመ ቤት የት ይገኛል? ሰው ለበጋው ብሎ የሚያስቀምጠው ውኃ ለእርሷ መራቢያ ይሆናታል፤ በዚህም ምክንያት ዝናብ በሌለበት ወራት እንኳ አትጠፋም። ከዚህም በላይ የተለመዱትን ብዙዎቹን የፀረ ትንኝ ኬሚካሎች ትቋቋማለች።

የተፈራው በድሬዳዋ ደረሰ። በ2022 ከጥር እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ውስጥ በከተማዪቱ 2,425 የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በ2019 በተመሳሳዩ ወራት የተመዘገቡት 205 ብቻ ነበሩ። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶችና የሥራ ባልደረቦቻቸው የታመሙትን ሰዎች አካባቢ ካልታመሙት ጋር እያነጻጸሩ መረመሩ። በሕሙማኑ መኖሪያ ዙሪያ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይበልጥ ትገኝ ነበር፤ ጥገኛ ተሕዋሱን የተሸከሙ ትንኞችም ተያዙ። ውጤቱ በ2023 በታተመ ጊዜ የጥርጣሬው ዘመን አበቃ። ቀደም ሲል በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ይህች ትንኝ በአፍሪካ ብትስፋፋ 126 ሚሊዮን ያህል ከተሜዎች ለአደጋ እንደሚጋለጡ አስልቶ ነበር።

ተዘግቷል የተባለው በር

ሁለተኛው ነገር የዘረ መል ጉዳይ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው ጥገኛ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን የደፊ ፕሮቲን እንደ በር እጀታ ይዞ ነው። በ1970ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ እንደማይያዙ አሳዩ። ምክንያቱም ከጊዜ በኋላ ተገኘ፤ የደፊን ዘረ መል በሚቆጣጠረው የዲ ኤን ኤ ክፍል ላይ አንዲት «ፊደል» ብቻ ተለውጣለች። በዚህች ለውጥ የተነሣ ፕሮቲኑ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሲሠራ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ግን አይሠራም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ይህን ለውጥ ስለሚሸከም ቫይቫክስ በዚያ ብርቅ ሆኖ ኖረ። ተፈጥሮ ሰውን ከበሽታ እንዴት እንደምትጠብቅ ለማሳየት መምህራን የሚጠቅሱት ግሩም ምሳሌ ነበር።

በ2010 በማዳጋስካር የተደረገ ምርምር ይህን ምሳሌ አደፈረሰው። ደፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። ከዚያም ተመሳሳይ ግኝት ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተከታተለ። በኢትዮጵያ ደፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ የወባ ዓይነት ስለሆነ፣ አገራችን ለዚህ ጥያቄ ከዓለም ዋና ዋና የምርምር ሥፍራዎች አንዷ ሆናለች።

በሩ ተዘግቶ ሳለ ጥገኛው በየት ገባ? በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ጠቃሚ ፍንጭ ሰጥቷል። ደፊ በሌላቸው ሰዎች የአጥንት መቅኒ ውስጥ፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ፕሮቲኑን ለአጭር ጊዜ ያሳያሉ። ይህም ማለት በሩ ለዘለዓለም አልተዘጋም፤ ሕዋሱ ልጅ ሳለ ጥቂት ገርበብ ብሎ ይቆያል። እንዲህ ባሉ ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው የጥገኛ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ በመሆኑ በተለመደው ምርመራ በቀላሉ ሊያመልጥ ይችላል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተኝቶ እንደገና የሚነሣ ጥገኛ መሆኑን ስናስታውስ፣ ያመለጠ ሕመም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እንረዳለን።

«የለም» ያለው ምርመራ

ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀን ይህኛው ነው። ኤሌክትሪክም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ጤና ኬላ አንዲት እናት ትኩሳት ያደከማትን ልጇን ታቅፋ ገባች እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከልጅቱ ጣት ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያው ላይ ታደርጋለች። ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋሉ። የፋልሲፓረም መስመር አልወጣም። እናትየዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጅቱ ግን ወባ አለባት።

ይህ እንዴት ይሆናል? በአፍሪካ በሰፊው የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ የፋልሲፓረም ጥገኛ ወደ ደም የሚለቀውን «ኤች አር ፒ 2» የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ በመስመር የሚያሳይ ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረ መል ከጥገኛው ቢጎድልስ? ጥገኛው ይኖራል፣ ይራባል፣ ያሳምማል፤ መመርመሪያው ግን አያየውም። እንዲህ ያሉ ጥገኞች መጀመሪያ የታወቁት በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በኤርትራ በብዛት ተገኙ።

በ2017 እና በ2018 ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎች የተካተቱበት ሰፊ ጥናት ተደረገ። በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በዘረ መሉ መጉደል ምክንያት ከመመርመሪያው ያመለጠው የፋልሲፓረም ሕመም 9.7 ከመቶ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር መመርመሪያውን እንዲለውጥ የሚመክርበት መጠን 5 ከመቶ መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ የዝግመተ ለውጥን ሕግ በግልጽ እናያለን። መመርመሪያው የሚያየው ጥገኛ መድኃኒት ተሰጥቶበት ይሞታል። የማያየው ጥገኛ ግን ከሕመምተኛው ጋር ወደ ቤት ይመለሳል፤ ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ወደ ጎረቤትም ያልፋል። መመርመሪያው በየዕለቱ ራሱ የማያያቸውን ጥገኞች እየመረጠ ያቆያል ማለት ነው። ይህን ያደረገው ግን የማንም ስንፍና አይደለም፤ ብዙ ሺህ ነፍሳትን ያዳነ ጥሩ መሣሪያ በትጋት ስለተሠራበት የመጣ ነው። መፍትሔውም መመርመርን መተው ሳይሆን ሌላ ፕሮቲን በሚፈልግ መመርመሪያ መተካት ነው።

መድኃኒቱና ክትባቱ

በመድኃኒቱም በኩል ተመሳሳይ ትግል አለ። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአርቴሚሲያ ተክል ያወጣችውና በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት አርቴሚሲኒን ዛሬም የወባ ሕክምና ምሰሶ ነው። ሆኖም በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኤርትራ በከፊል የሚቋቋሙት ጥገኞች ተገኝተዋል። በ2023 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ናሙናዎች በ8 ከመቶው ከዚህ መቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረ መል ለውጥ አግኝቷል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በመመርመሪያው የማይታዩ ናቸው። ከመመርመሪያ የሚሰወርና መድኃኒት የሚቋቋም ጥገኛ በአንድ አካል ሲገናኝ የጤና ባለሙያዎችን እንቅልፍ ቢነሣ አይደንቅም።

የምሥራችም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት «አር ቲ ኤስ፣ ኤስ» የተባለውን የመጀመሪያ የወባ ክትባት በጥቅምት 2021፣ «አር 21» የተባለውን ሁለተኛ ደግሞ በጥቅምት 2023 ለሕፃናት እንዲሰጡ መክሯል። የመጀመሪያው በጋና፣ በኬንያና በማላዊ በሙከራ በተሰጠባቸው አካባቢዎች፣ ለክትባቱ ዕድሜያቸው በደረሰ ሕፃናት መካከል ከአደጋ ውጭ ባለው በማናቸውም ምክንያት የሚደርስ ሞት በ13 ከመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በየመንደሩ ሲቆጠር ብዙ ሕፃናት ነው። ያም ሆኖ ሁለቱም ክትባቶች የተሠሩት በፋልሲፓረም ላይ በመሆኑ ቫይቫክስን አይከላከሉም።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

ለዕለት ኑሯችን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች አሉ። የውኃ በርሜልና ታንከር ክዳኑ ይገጠም፤ ከተማ መኖር ብቻውን ከወባ አያድንም። ምርመራው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ተመልሶ በማይክሮስኮፕ መታየት ይገባል። የታዘዘ መድኃኒትም ተሻለኝ ተብሎ በመንገድ አይቆምም፤ ለሌላ ሰውም አይካፈልም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። ሦስቱን ነገሮች ያናጉት ሰዎች የተጻፈውን የናቁ አይደሉም፤ የተጻፈውን ጠንቅቀው ያወቁ፣ ዳሩ ግን እንደገና ለመለካት ያልታከቱ ናቸው። አንዱ በድሬዳዋ በርሜል ውስጥ እጭ ቆጠረ፤ ሌላው «ወባ የለም» ከተባለ ሰው የተወሰደ ደም እንደገና መረመረ። ትንኟም ጥገኛውም ከዓመት ዓመት ይለወጣሉ። የሚከታተላቸው ዓይን ከጎደለ ግን ያች እናት ነገም «የለም» ተብላ ልጇን ይዛ ትመለሳለች።