ከስልኩ ጀርባ ማን አለ?
ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለአእምሮ ጤና ምርምርና ሕክምና የሚጠቅመው እንዴት ነው?

ድባቴ የያዘው ሰው ሐኪም ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ከአልጋው መነሳት አለበት። ከዚያ መልበስ፣ ታክሲ መጋፋት፣ ካርድ አውጥቶ ወረፋ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ለማያውቀው ሰው የሆዱን መናገር ይጠበቅበታል። ሕመሙ የነጠቀው ደግሞ ይህንኑ ሁሉ የሚያደርግበትን ጉልበት ነው። በዚህ ላይ የሰፈር ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ሲጨመርበት፣ ብዙዎች ሳይታከሙ ዓመታት ያልፋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2019 ወደ 970 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። በአንጻሩ የሚያክመው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ተሰብስቦ ይገኛል። ስልክ ግን በየኪሱ አለ። ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ታማሚው ወደ ሕክምናው መምጣት ቢያቅተው ሕክምናው በስልኩ በኩል ወደ ታማሚው ይሂድ ብለው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ሥራው ምን ውጤት አሳየ? በየአገሩ የተሞከረውን ስንመለከት አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። መሣሪያው ለታማሚው የሚበጀው ከጀርባው መልስ የሚሰጥና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ሲኖር ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን በምሳሌ ያስረዳል።

ሕመምን በስልክ መለካት

የአእምሮ ሕመም በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታይም። የሚታወቀው በመጠየቅ፣ በማዳመጥና በማስተዋል ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አጥተዋል? ምግብ አስጠልቶዎታል? ያስደስትዎ የነበረ ነገር ደስታ መስጠቱን ትቷል? እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ከ27 ይያዛል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው።

መጠይቁን ወደ ስልክ ማስገባት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ቴርሞሜትር ትኩሳትን ይለካል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ እንደማይናገር ሁሉ፣ ይህም ነጥብ ብቻውን ምርመራ አይሆንም። በአንድ አገር “ሕመም አለ” የሚያሰኘው ነጥብ በሌላው አገር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ መጠይቁ በየሕዝቡ ላይ እንደገና መፈተሽ አለበት። በኢትዮጵያ ፒኤችኪው-9 በአዲስ አበባ ሆስፒታልም፣ በገጠር ጤና ጣቢያም ተፈትሿል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ከመተግበሪያው በፊት መምጣት ያለበት፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሥራ ነው።

ከመጠይቅ አልፎ ሳይጠየቁ መለካትም ተጀምሯል። ስልካችንና የእጅ አምባራችን እንቅስቃሴን የሚለዩ ጥቃቅን መሣሪያዎች አሏቸው። ስንት እርምጃ ሄድን፣ ስንት ሰዓት ተኛን፣ ከቤት ወጣን ወይስ ዋልን የሚለውን ይመዘግባሉ። በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በተመራ ጥናት ላይ ድባቴ እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው 623 የለንደን፣ የአምስተርዳምና የባርሴሎና ነዋሪዎች አምባር አስረው፣ በስልካቸውም በየሁለት ሳምንቱ ጥያቄ እየመለሱ ለረጅም ጊዜ ተሳትፈዋል። ዓላማው ሕመሙ ከማገርሸቱ በፊት የሚሰጠው ምልክት ካለ ማወቅ ነበር። የእንቅልፍ መዛባትና ከቤት አለመውጣት ከድባቴው መባባስ ጋር እንደሚሄዱ ታይቷል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ቤተሰብ “ሰሞኑን ተለውጧል” ብሎ የሚያስተውለውን ነገር በቁጥር ያሳያል። ችግሩ አምባሩ የሚያየው እንቅልፍ መጓደሉን እንጂ ለምን እንደጎደለ አለመሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም ለኪዳን ሌሊት የምትነሳ እናት፣ በረመዳን ለሱሑር የሚነቃ ነጋዴ፣ አዳር የሚሠራ ዘበኛ ለአምባሩ ሁሉም እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ለዚህ ነው ማሽኑ ምልክት ሲሰጥ ደውሎ “እንደምን ሰነበቱ?” የሚል ሰው የሚያስፈልገው።

በስልክ ማከም

ከሊባኖስ የተገኘው ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የሊባኖስ ጤና ሚኒስቴር “ደረጃ በደረጃ” የሚል ትርጉም ያለው የድባቴ ማከሚያ ፕሮግራም በኢንተርኔት አዘጋጁ። አምስት ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል ተጠቃሚው ድባቴ የያዘው አንድ ሰው በሥዕል የሚተርከውን ታሪክ ይከታተላል። ያ ሰው ከተኛበት እንዴት ቀስ በቀስ እንደተነሳ፣ ትቷቸው የነበሩትን ትንንሽ ሥራዎች እንዴት እንደጀመረ ይናገራል። ከዚያ ተጠቃሚው ለራሱ አንድ ሥራ መርጦ የሚያከናውንበትን ቀን ይወስናል። አንዱ ጎረቤት ጠይቆ ይመለሳል፤ ሌላው በእግሩ ዞር ዞር ይላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ድባቴ ሰውን ከሥራና ከሰው ይነጥለዋል፤ መነጠሉ ደግሞ ድባቴውን ያባብሰዋል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠበቅ በትንሽ ሥራ ሲጀመር ነው።

ተጠቃሚው ግን ብቻውን አይተውም። የሠለጠነ፣ የግድ ሳይካትሪስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ ረዳት በየሳምንቱ እየደወለ ወይም እየጻፈ ለ15 ደቂቃ ያህል ያበረታታዋል። ሳይሠራ ከቀረም አይወቅሰውም፤ ምን እንዳስቸገረው ይጠይቀዋል። በሊባኖስ በሚኖሩ ሶርያውያን ስደተኞችና በሊባኖሳውያን ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ፕሮግራሙ ድባቴን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጀምረው ሳይጨርሱ የሚያቋርጡት ብዙ መሆናቸውም ታይቷል። ይህ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ ድክመት ነው፤ መተግበሪያ ለማውረድ እንደሚቀል ሁሉ ለመተውም ይቀላል።

ይኸው ፕሮግራም በማካው ለሚሠሩ ፊሊፒናውያን ስደተኛ ሠራተኞች በቋንቋቸውና በኑሯቸው ልክ ተሰፍቶ ቀርቦላቸዋል። ይህን ስንሰማ በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ትዝ ይሉናል። ከአሠሪ ቤት ወጥታ ሐኪም ማየት ለማትችል ሴት፣ ማታ ክፍሏን ዘግታ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የምታዳምጠው ትምህርትና በሳምንት አንዴ በቋንቋዋ የሚደውልላት ሰው ብዙ ነገር ሊለውጥ ይችላል።

ቴክኖሎጂ ለከባድ ሕመምም ተሞክሯል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ድምፁም ይሰድባቸዋል፣ ያዛቸዋል። እንግሊዛዊው ሳይካትሪስት ጁልያን ሌፍ ለዚህ አዲስ ዘዴ አመጣ። ታማሚው የሚሰማውን ድምፅና በሐሳቡ የሚያየውን ፊት በኮምፒውተር ላይ ያሠራል። ሐኪሙ ሌላ ክፍል ሆኖ አንዴ በራሱ ድምፅ፣ አንዴ ኮምፒውተሩ በለወጠው በዚያ ድምፅ ይናገራል። ፊቱ “አንተ የማትረባ!” ሲል ሐኪሙ ወዲያው በራሱ ድምፅ “አይዞህ፣ መልስለት” ይለዋል። ታማሚው መጀመሪያ ይፈራል፤ ከዚያ ይመልሳል። ሲመልስ ሐኪሙ ፊቱን ቀስ በቀስ እንዲለዝብና እንዲሸነፍ ያደርገዋል። በለንደን 150 ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ በ12ኛው ሳምንት ላይ የድምፁ ክብደትና ጭንቀቱ በዚህ መንገድ በታከሙት ላይ ደጋፊ ምክር ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። እዚህም ኮምፒውተሩ ፊትና ድምፅ አቀረበ፤ ያከመው ግን ከግድግዳው ማዶ የተቀመጠው ሐኪም ነው።

ማሽኑ ብቻውን ሲያወራ

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ የሚረዳው ነገር አልነበረም፤ የተጻፈለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ይመልስ ነበር። የዋይዘንባም ጸሐፊ እንኳ ፕሮግራሙ ሲሠራ እያየች፣ ከኤላይዛ ጋር ልታወራ ስትል እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው በዚህ ተደናግጦ ቀሪ ዘመኑን ስለ አደጋው ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። የተጨነቀ ሰው ልቡን ለመክፈት የሚያዳምጠው የሚመስል ነገር ብቻ ይበቃዋል።

የዛሬዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ቻትቦቶች ከኤላይዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የአመጋገብ ሕመም ያለባቸውን የሚረዳ አንድ ብሔራዊ ማኅበር በሰው ይሠራ የነበረውን የእርዳታ መስመሩን በሚዘጋበት ወቅት፣ ቴሳ የተባለው ቻትቦቱ ራሳቸውን በረሃብ ለሚጎዱ ሰዎች ስለ ክብደት መቀነስ መምከሩ ተጋለጠ። ቻትቦቱ ወዲያው ተነሳ።

በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ስጋት አለ። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው፤ በአማርኛ የተጻፈው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ጭንቀቱን “ልቤ ተሰበረ”፣ “ሆዴ ባባ” ብሎ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመው፣ ማሽኑ ከባዱን ከቀላሉ መለየቱ በባለሙያ ሳይፈተሽ ሰው ላይ መሞከር የለበትም።

ሚስጥር የሕክምናው ግማሽ ነው

በፊንላንድ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። ታማሚዎች የተናገሩት ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ በአግባቡ ሳይጠበቅ ተቀምጦ በሰርጎ ገቦች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ30,000 በላይ የሆኑ ታማሚዎች መረጃ መሰረቁ ታወቀ። ሌባው ድርጅቱ አልከፍልም ሲለው ወደ ታማሚዎቹ ዞሮ፣ ካልከፈላችሁ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ ብሎ ጻፈላቸው። ድርጅቱ ከሰረ፤ አድራጊው እ.ኤ.አ. በ2024 ከ6 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። የወጣው ሚስጥር ግን ተመልሶ አይገባም።

በአሜሪካም ቤተርሄልፕ የተባለው የኢንተርኔት ምክር ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ እንደ ፌስቡክ ላሉ ድርጅቶች ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል በሚል ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። እንዲህ ያለውን ለመከላከል ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች።

ሆኖም በእኛ አገር ሚስጥር የሚወጣበት መንገድ ከሰርጎ ገብና ከኩባንያም የቀረበ ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለባል፣ ለሚስትና ለልጆች ነው። “የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒትዎን መውሰድ አይርሱ” የሚል መልእክት ጎረቤት ስልኩን ተውሶ በያዘበት ሰዓት ቢገባ፣ ልጅ ለመዳርና ሥራ ለማግኘት እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ የሕመሙን ስም ሳይጠራ “ቀጠሮዎ ነገ ጠዋት ነው” ቢል ይበቃል። ባለሙያዎችም የታማሚን ስምና ፎቶ በቴሌግራም ቡድን ላይ ከመለጠፍ መጠንቀቅ አለባቸው።

እኛ ጋ ከየት ይጀመር?

ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር እንግዳ አይደለችም። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት እየተጠየቁ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት ከማንኳኳታቸው ባሻገር የአካባቢውን ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች ጠቋሚ መረጃ ወስደዋል፤ አንድን ታማሚ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነውና። በኋላም በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ ተደርጓል።

ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃን በታብሌት መመዝገብ ጀምረዋል። ለአእምሮ ጤና ትልቁ ጥቅም የሚገኘው እዚህ ነው። ሕክምና ጀምሮ የቀረን ሰው ስም ታብሌቱ ለይቶ ቢያወጣ፣ ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ለምን እንደቀረ ትጠይቃለች። ምናልባት የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ፣ ምናልባት ጠበል ሄዶ፣ ምናልባትም መድኃኒቱ እጁን አንቀጥቅጦት ይሆናል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሚያስቸግራት ታማሚ ሲመጣ ደግሞ በሆስፒታል ላለ የአእምሮ ሐኪም ደውላ መማከር ትችላለች። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ከሌለ ግን ምንም ያህል የረቀቀ ማስታወሻ ፋይዳ የለውም።

ለራስዎ ወይም ለቤተሰብዎ መተግበሪያ ሲመርጡ

ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሠራው ማን ነው፣ በማን ላይስ ተፈትኖ ይሠራል ተባለ? የምናገረው የት ይቀመጣል፣ ለማንስ ይሰጣል? ሕመሜ ቢብስብኝ የሚደውልልኝ ሰው አለ? ለሦስተኛው መልስ ከሌለው መሣሪያውን ለቀላል ጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ወይም ለትምህርት ብቻ ይጠቀሙበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ፣ ለቀናት እንቅልፍና ምግብ ማጣት ሲከሰት ስልኩን አስቀምጠው ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ታማሚውንም ብቻውን አይተዉት።

በየመሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሥራ በጀት ለሚይዙትም ተመሳሳይ ጥያቄ ይቅረብ። መተግበሪያ ለማሠራት በተያዘው ገንዘብ ውስጥ የነርሷ የአየር ሰዓት፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የትራንስፖርት አበልና የመድኃኒቱ መግዣ ካልተካተተ፣ ዕቅዱ ገና ግማሽ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ይሟላ።